የአራስ ድርሻ

በመበለቻው አዳራሽ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ እግር ሥር አንድ ባልዲ ይቀመጣል። ባልዲው ለዓሣው አንጀት አይደለም፤ አንጀቱን በጠረጴዛው መካከል በተቀደደው ቦይ ውሃ ይወስደዋል። ባልዲው ለሠራተኛው ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ሣጥን ተከፍቶ አምባዛዎቹ እየተንሸራተቱ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፉ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው አንድ ላይ ያጎነብሳል፣ ያስመልሳል፣ አፉን በክንዱ ይጠርጋል፣ ከዚያ ቢላውን ያነሣል። ቀሪው ቀን በደህና ያልፋል። አፍንጫቸው ውስጥ የሚወትፉት ሰም ያግዛቸዋል። ከምሳ በፊት ባልዲውን ደግሞ የሚፈልግ ጀማሪ ብቻ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ ይሳቅበታል።

ጦይባ ይመር ጀማሪ አልነበረችም። አምባዛውን በሪዙ ጨብጣ ራሱን በአንድ ምት ከገላው ትለየዋለች፤ ራሱን ወደ ግራ፣ ገላውን ወደ ቀኝ። ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ነው። የሚተነፍስበትን ስንጥቡን፣ አጥንቱን፣ የሆዱን ስስ ቆዳ የምታውቀው በጣቷ ነው። በዓይኗ ትኩር ብላ ካየችው ብዙ ዓመት ሆኗታል።

የድርጅቱ ኃላፊዎች ጎብኚ ሲያመጡ ከአዳራሹ መስታወት ፊት ቆመው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። "በዓለም ላይ ሌባ የሌለበት የዓሣ ፋብሪካ ይኼ ብቻ ነው" ይላሉ። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ከሥራ ሲወጡ ሾፌሮቹ፣ ወጥ ቤቶቹና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞቹ እጃቸውን ዘርግተው ይፈተሻሉ፤ የከተማ ሰዎች ናቸውና። የሐይቁ ዳር ሰዎች ሳይፈተሹ ያልፋሉ። የሚያስታውካቸውን ነገር ማን ብሎ ይሰርቃል?

ሐይቁ ጣና ነው፤ ዳሩ ላይ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች። አባቶቻቸው በደንገል ታንኳ ዓሣ እያወጡ ኖረዋል። ሐይቁ ከነዓሣው ለድርጅቱ በኪራይ ሲሰጥ ለእነሱ የተነገራቸው ሐይቁ መታመሙ ነበር። ዓሣው ውስጥ ብረት ገብቷል፣ ለልጆች አእምሮ አይበጅም፣ ለእርጉዝ አይበጅም ተባሉ። ያው ዓሣ በየማለዳው በበረዶ ታሽጎ ወደ ከተማው ሎጆችና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይሄዳል። መንገድ ላይ ይሻለዋል መሰለኝ፣ እዚያ ሲደርስ ስለ ሕመሙ የሚያነሣ ሰው የለም።

ሰውን ከዓሣ በአጥር መለየት እንደማይቻል ድርጅቱ ገና ከጅምሩ ገብቶታል። አጥር ይዘለላል፤ ዘበኛ ይተኛል። ስለዚህ "ንጹሕ ማዕድ" የተባለው ፕሮግራም መጣ። በየወቅቱ መባቻ ሰው ሁሉ ጤና ኬላው ደጃፍ ይሰለፋል። ምላሱን አንሥቶ ዓሣ የሚያስጠላውን ጠብታ ይቀበላል። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ቀጭን ቧንቧ የአምባዛ ሽታ ፊቱ ላይ እፍ ትልበታለች። ፊቱ ከተጨማደደ ግድግዳው ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ይሆናል፤ ነርሷም "ጎበዝ!" ትላለች። ልጆቹ ይፎካከራሉ። አብዝቶ ለተጸየፈ ልጅ ከረሜላ ይሰጠዋል።

ሰው እንዴት እንዲህ ያለውን ነገር በገዛ ምላሱ ይቀበላል የሚል አንባቢ ይኖራል። ያስገደዳቸው ማንም አልነበረም። ፕሮግራሙ ሲመጣ ጦይባ ገና ጡቷ ያጎጠጎጠ ልጃገረድ ነበረች፤ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተሰብስበው ሲመክሩ ከሴቶቹ ጋር ሆና ሰምታለች። ከእነሱ ጋር አንድ ገበታ የሚቀርብ ጎረቤት በዘመናቸው አላዩም። ጉማሬ የበላ አፍ፣ አምባዛ የበላ አፍ እየተባለ ውሃ የጠጡበት ጣሳ ይጣላል። ሠርግ ቢጠሩ ለብቻቸው ከአጥር ሥር ይቀመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሐይቁ አልጠየቁም። ኪራዩ ለስንት ዘመን እንደሆነ፣ ጀልባው የማን እንደሚሆን፣ ልጆቻቸው ምን ሠርተው እንደሚኖሩ አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

"አምባዛውን ከተጸየፍነው፣ ጎረቤቶቻችን አብረውን ይበላሉ?"

"ምን ጥርጥር አለው!" አለ የፕሮግራሙ ሰው።

በሬ ታረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከሁሉ ቀድመው የተሰለፉት ሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ጫማቸውን ጠርገው።

ከዚያ ወዲህ ከከተማው የመጣ አንድም ተመጋቢ የለም። ምኑን ሊበላ ይመጣል? ለሐይቁ ዳር ሰው የሚታደለው ገንቢ ይባላል፤ አመድ የመሰለ ለስላሳ ነገር በፓኬት ሆኖ ይመጣል። ጣዕም የለውም፤ ጣዕም እንዳይኖረው ብዙ ተደክሞበታል። በፓኬቱ ላይ የሰውየው ስም አለ፤ ጥጉን ቀድዶ እንደቆመ ይመጠዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣበታል። ዓሣ በነበረ ጊዜ ድርሻ ነበር፤ ሆዱ ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎች፣ ጅራቱ ለልጆች፣ ራሱ ለአራስ። ድርሻውን ለማድረስ ሰው በየቤቱ ይገባል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ምድጃ እንዳልነደደ እግረ መንገዱን ያያል። ፓኬት ግን ማንም ለማንም አያደርስም። አሁን የሐይቁ ዳር ሰው እህቱ ቤት ለመግባት ምክንያት ያጣል። ቀትር ላይ በመኖሪያ ብሎኮቹ መካከል ብታልፉ የምትሰሙት ማንኮራፋት ብቻ ነው።

የጦይባ ልጅ ሩቅያ ሴት ልጅ ወልዳ ተኝታለች። የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ በድርጅቱ ጀልባ ላይ ይሠራል፤ ለወራት አይመለስም። ከወለደች ጀምሮ ገንቢውን አንዴ ብቻ መጥጣ ጥግ ላይ ትጥለዋለች፤ ቢበዛ ግማሹን ትጨርሳለች። ዓይኗ ገብቷል፣ ጡቷ ከረጢት ሆኗል። ሕፃኗ ጠብታ የሚታክል ወተት ስታገኝ ትጓጓለች፣ ስታጣ ታለቅሳለች፣ ለቅሶዋ ደግሞ በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል። ጦይባን ያስፈራት ለቅሶው መቀነሱ ነው።

ሲስተር ብሌን የምትባለው ነርስ ለጉብኝት መጥታ ነበር። ከከተማው የመጣች፣ ድምፅዋ የለሰለሰ፣ ትሑት ልጅ ናት። መሣሪያዋን በሩቅያ ደረትና በሕፃኗ ግንባር ላይ አስጠግታ ቆየች።

"ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ እማማ ጦይባ። እንኳን ደስ አለዎት።"

"ወተቱስ፣ ሲስተር?"

"ወተት የግድ አይደለም። ለሕፃናት የተዘጋጀ ገንቢ አለ እኮ።"

"ትተፋዋለች።"

"ትለምደዋለች" አለች ነርሷ። ሕፃኗን ጉንጯን ዳሰስ አደረገቻት፤ ከዚያ ከወገቧ ላይ አልኮሏን አውጥታ እጇን ረጨች። ይህን የምታደርገው ሳታስበው ነው፤ ሌሎቹም ነርሶች እንዲሁ ያደርጋሉ።

ባለፈው ክረምት፣ መበለቻው ላይ ከጦይባ ጎን የምትሠራው ሸምሲያ የልጅ ልጅ ነበረቻት። እሷም አረንጓዴ ነበረች። እየቀለለች፣ እየቀለለች ሄዳ አንድ ጠዋት እንደዚያው አረንጓዴ እንደሆነች ሞተች። መሣሪያው እስከ ቀብር ድረስ አልተለወጠም። ጦይባ የሩቅያን ሕፃን ስታነሣት ያንን ክብደት አስታወሰች፤ የዚያችንም አስከሬን አቅፋ ነበርና።

ባህል ማዕከል የሚሉት ቤት ከሎጁ አጠገብ ነው። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አደም እዚያ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ከደንገል ታንኳ ይሠራል። ጎብኚ ያየዋል። ደንገል ብርቅ ስለሆነ ማታ ታንኳውን ይፈቱታል፣ ጠዋት ያንኑ ደንገል ይዞ እንደገና ይጀምራል። ውሃ የነካ ታንኳ ከእጁ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኗል። ጦይባ በእረፍት ቀኗ ሄዳ በጎን በር ገባችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ጋሼ አደም፣ የአራስ መረቅ እንዴት ነበር የሚሠራው?"

እጁ ቆመ። "የምኑ መረቅ?"

"የአምባዛ ራስ።"

"በሞቴ ስሙን አትጥሪው፤ አሁን ነው የበላሁት።" ደረቱን ያዘ። "ሩቅያ ናት?" አለ።

"እየሄደችብኝ ነው።"

አደም ከመስታወቱ ባሻገር የቆሙትን ልጆች አየ። አንዱ መስታወቱን እየደበደበ "ይንሳፈፋል?" እያለ ይጮሃል። አደም ራሱን ነቀነቀለት፣ ፈገግ አለለት፤ ለዚያም ነው የሚከፈለው።

"ስንጥቡን ታወጪያለሽ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ራሱን እንዳትሰነጥቂው፤ ድፍኑን ነው። ውሃው ሲፈላ አረፋውን እየገፈፍሽ። ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ሚጥሚጣ፤ ጨው መጨረሻ ላይ። ዓይኑ ነጭ ሲሆን በስሏል።"

"ይኼንንስ ትንሽ ትንሽ አስታውሳለሁ።"

"ታዲያ ምኑን ረሳሽው?"

"ማብላቱን።"

"ማብላቱማ ዋናው ነው" አለ አደም። "አራስ በእጇ አትበላም። የምታጎርሳት ሴት አራሷ ዓይን ሥር መጀመሪያ ራሷ ትጎርሳለች። አኝካ፣ ውጣ፣ ፊቷ ሳይጨማደድ። ከወለደች ሴት የሚሸሽ ነገር ብዙ ነው፤ መጀመሪያ የሚሸሸው የመብላት ፍላጎቷ ነው። ሳህኑን አታየውም። የምታጎርሳትን ሴት ፊት ነው የምታየው። ያ ፊት ደህና ከሆነ አፏን ትከፍታለች። እናቴ የታወቀች አጉራሽ ነበረች፤ ሴት በወለደች ቁጥር በታንኳ ይወስዷት ነበር።"

"ፊት ሳይጨማደድ" አለች ጦይባ። ከልጃገረድነቷ ጀምሮ በየወቅቱ ፊቷን አጨማድዳ "ጎበዝ" ተብላለች።

"እኔ ሞክሬያለሁ።" አደም ደንገሉን እያገላበጠ ነበር። "አንድ ጎብኚ እዚህ በር ላይ ጥሎት የሄደ ቁራሽ ነበር። አፌ ውስጥ አስገባሁት። ማስመለሱን ተይው፣ እሱ ምንም አይደል። ሽታው የእናቴ እጅ ሽታ ነበር፣ ጦይባ። እናቴን ተጸየፍኳት። ቤቴ ገብቼ ቀኑን ሙሉ እንኳንም እናቴ በሕይወት አልቆየች እያልኩ ዋልኩ።"

ከመስታወቱ ወዲያ ልጁ አሁንም "ይንሳፈፋል ወይ?" ይላል።

በማግስቱ ሥራ ሊያበቃ ሲል ጦይባ አንድ ትልቅ ራስ ወደ ግራ ከመወርወር ይልቅ በሽርጧ ሥር ወደ ሆዷ አስገባችው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ዝልግልጉ በእምብርቷ ላይ ወረደ። ባልዲው ላይ አጎነበሰች። ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ቀና ስትል ሸምሲያ ታያታለች።

"አንቺ! ሆድሽ ምን ሆነ?"

"አረገዝኩ።"

"በዚህ ዕድሜሽ? ከማን?"

"ከአምባዛ።"

ሸምሲያ በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ከጦይባ ቀሚስ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። "ለአራሷ ነው?" አለች።

"ለአራሷ።"

ሸምሲያ ሻሿን ፈታ በጦይባ ወገብ ላይ ጥብቅ አድርጋ ጠመጠመችላት። ስትጠመጥም ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ትንፋሽዋን ይዛ ነበር። "ሂጂ፣ ትንጠባጠቢያለሽ" አለችና ወደ ባልዲዋ ዞረች።

በሩ ላይ ዘበኛው አንዱን ወጥ ቤት አስቁሞ ጫማውን ያስወልቀዋል። ጦይባን ቀና ብሎ አያት።

"እማማ፣ አሞሻል እንዴ? ፊትሽ ገርጥቷል።"

"ሽታው ነው፣ ልጄ።"

"አይዞሽ፣ ይለመዳል" አለና አሳለፋት።

የአምባዛውን ራስ ውሃ በሞላ እንስራ ውስጥ አሳደረችው። ያበሰለችው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው፤ ብሎኩ ሁሉ ገንቢውን መጥጦ በሚተኛበት ሰዓት። አዳራሹ ውስጥ ዓሣው ጥሬ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ አፍንጫ ላይ ሰም አለ። እዚህ ግን ድስቱ ሲሞቅ እንፋሎቱ ግድግዳውን ያዘ፣ ፀጉሯ ውስጥ ገባ፣ ምላሷ ላይ ተቀመጠ። ሽታውን ሰም ሳትወትፍ ልትችለው ወስናለች፤ አፍንጫው የተወተፈ ሰው ፊቱ ያስታውቃል። አረፋውን በገፈፈች ቁጥር ወደ መስኮቱ ትሮጣለች። የአምባዛው ራስ በፈላው ውሃ ውስጥ አፉን ከፍቶ፣ ሪዞቹ ተንሳፍፈው፣ እየዞረ ያያታል። የበሰበሰ ነገር፣ የታመመ ሰው ጨርቅ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሁሉ አንድ ላይ መጡባት። በአፍንጫዋ የመጣው ሁሉ ሐሰት እንደሆነ ታውቃለች። አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቡና እየጠጣ፣ ይኼ ይኼን ይምሰላቸው ብሎ እንደወሰነው ታውቃለች። ማወቋ ሆዷን አላቆመላትም።

ከላይኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ። "ምንድን ነው የሞተው?" ብሎ አንድ ወንድ ጮኸ። "ኧረ የሰው ያለህ! ሬሣ ነው!" ሌላ መስኮት ተዘጋ። አንድ ሰው ደረጃው ላይ ሲያስመልስ ተሰማ።

ሩቅያ ፍራሹ ላይ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች። "እማ፣ ምንድን ነው?"

"ምሳሽ ነው።"

"አልበላም።"

"እኔ ነኝ የምበላው፤ አንቺ እዪኝ።"

ጦይባ ሳህኑን ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ከአንገቱ ላይ ያለውን ሥጋ በጣቷ ፈልቅቃ፣ መረቁን ነካ አድርጋ፣ "ቢስሚላህ" ብላ አፏ ውስጥ ከተተች። እንባዋ መጣ፤ እንዳይወርድ ዓይኗን አላርገበገበችም። ፊቷን የሰው ዕቃ እንደተሸከመች ያዘችው፤ ብትጥለው የማትተካው ዕቃ። አኘከች። ዋጠችው። ተመልሶ ወጣ፣ አፏ ውስጥ ደረሰ፤ አፏን ሳትከፍት ያንኑ ደግማ ዋጠችው። ከዚያ ለልጇ ትንሽ ፈገግ አለችላት።

ሩቅያ ሳህኑን አላየችም። እናቷን ነው የምታየው።

አጎረሰቻት፤ የሩቅያ የመጀመሪያ ጉርሻ ወዲያው ወጣ። ጦይባ አፏን ጠረገችላትና እንደገና ራሷ ጎረሰች፣ እንደገና ፊቷን ያዘች፣ እንደገና አጎረሰቻት። ይኼኛውም ወጣ። ሦስተኛው ግማሹ ቀረ። ከዚያ መረቁን በማንኪያ ሰጠቻት፤ መረቁ ቀረ። ሌላ ማንኪያ። የሩቅያ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀለም የታየ መሰለ።

"ይኼ ነገር" አለች ሩቅያ ዓይኗን ጨፍና፣ "ታች ሲደርስ ይሞቃል።"

ጦይባ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም። በሩ ተንኳኳ።

ሲስተር ብሌን ነበረች፤ ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ፣ ጓንት አጥልቃ። "ይቅርታ፣ እማማ ጦይባ። ጎረቤት ደውሎ ነው። የሬሣ ሽታ አለ ብለው…" ጭምብሏን ጫፉን ይዛ ገለጥ አደረገችው። ሙሉ በሙሉ አወረደችው። ዓይኖቿ ተከደኑ፤ በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

"ውይ!" አለች። "የአምባዛ ራስ ነው አይደል?"

ጦይባ ከሳህኑ ፊት ተነሥታ ቆማ ነበር። መካዱ ትርጉም አልነበረውም።

"ወንድሜ የተሞሸረ ዕለት ሎጁ ላይ ቀምሼዋለሁ። ለጠረጴዛው በሙሉ አንድ ራስ ብቻ ነበር የመጣው፤ የሙሽራዋ አባት ለብቻው ጨረሰው። እኔ መረቁን በዳቦ ብቻ…" ነርሷ ወደ ኋላዋ አየችና በሩን ዘጋችው። "እማማ፣ እኔ ምንም አላየሁም፣ እሺ? ብጽፈው ለእናንተ ጥሩ አይሆንም። ግን ትንሽ ብቻ ልቅመስ።"

ጓንቷን አወለቀች። በልማዷ አልኮሏን አውጥታ እጇን ረጭታ አሻሸች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ብሉ፣ ሲስተር" አለች ጦይባ። ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። "ይብሉ፤ የቤት ነው።"

እንግዳ ናት። የከተማ ሰው፣ የጨዋ ልጅ፣ ነገደ ወይጦ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እነሱ ካበሰሉት፣ እነሱ እጃቸውን ካስገቡበት ሳህን ልትበላ ነው። ጦይባ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲነሣ ተሰማት፤ ትዕቢት የሚመስል፣ ደስታ የሚመስል። ዋርካው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ይህን ሳያዩ ሞቱ። ይህን ለማየት ብለው ምላሳቸውን ሰጡ፣ የልጆቻቸውን ምላስ ሰጡ።

ነርሷ በላች። በጣቷ እየፈለቀቀች፣ አጥንቱን እየመጠመጠች፣ ሪዙን በጥርሷ እየጎተተች። መረቁ በአገጯ ወረደ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችና የእጇን ጀርባ ላሰችው። "እግዜር ይስጥልኝ… ይኼማ ከሎጁ ይበልጣል… እነሱ ቅመም ያበዙበታል" ትላለች አፏ ሞልቶ። ሳህኑን ትንሽ ወደ ራሷ ሳበችው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ሳበችው። አሁን ከጉልበቷ ሥር ነው።

አብራ እየበላች አልነበረም። እየበላች ብቻ ነበር።

ጦይባ ያን አፍ አየችው። የሚያብረቀርቀውን ከንፈር፣ በጥርሶቹ መካከል የተሰካውን ነጭ ሥጋ፣ የሚሮጠውን ጉሮሮ። ተጸየፈችው። ይኼኛው መጸየፍ ከጠብታው አልነበረም። የጠብታውን ታውቀዋለች፤ ከምላስ ሥር ይነሣል፣ የበሰበሰ ነገር ይመስላል፣ ባልዲ ካለ ያልፋል። ይኼኛው የራሷ ነው፤ ማንም አልሰጣትም፣ በማንም ቧንቧ አልተነፋባትም።

ሕፃኗ አለቀሰች፤ ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ። ሩቅያ ጡቷን አወጣችላት፤ ሕፃኗ ያዘችው፣ ሳበች፣ አልለቀቀችውም።

"እያት፣ እማ" አለች ሩቅያ በሹክሹክታ።

ነርሷ አላየችም። ጣቷን በአምባዛው ጉንጭ ሥር አስገብታ ወፍራሙን ሥጋ እየፈለቀቀች ነበር። "ዋናው ይኼ ነው" አለች። "ይህቺን ለብቻዋ ነው የሚሸጧት።"

"ሲስተር፣ የጉንጩን ለአራሷ ይተዉላት።"

"ለሷ?" ነርሷ ቀና አለች፤ ድምፅዋ እንደተለመደው ለስላሳ ነው። "ይወጣባታል እኮ፣ እማማ። እንደምታውቁት ሰውነታችሁ አይቀበለውም። ማባከን ነው።"

እንግዳ ፊት የቀረበ ሳህን አይነሣም፤ በሐይቁ ዳር ከዚህ የከፋ ነውር የለም። ጦይባ ጎንበስ ብላ ሳህኑን ከነርሷ ጉልበት ሥር አነሣችው። የጉንጩ ሥጋ በነርሷ ጣቶች መካከል ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቃ እሱንም ወሰደችው።

ሲስተር ብሌን የባዶ እጇን ጣቶች አየች። ከዚያ ፊቷ ቀላ። "እንግዳ ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን እንደሠራሽ ገብቶሻል? አሁኑኑ ብደውል ጠብታው እጥፍ ይሆንባችኋል። ለሷም፣ ለአንቺም። ሕፃኗም ዛሬውኑ ትጀምራለች።"

"ጥሪያቸው" አለች ጦይባ። ጀርባዋን ሰጥታ ልጇ ፊት ተቀመጠች። "እስኪመጡ ትበላለች።"

"ትሰሚኛለሽ? እኔ ለእናንተ ብዬ…"

"አፍሽን ጥረጊ፣ ሲስተር። ዘይት አለብሽ።"

ነርሷ በሩን ከፍታ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ስትናገር ይሰማል፤ የብሎኩን ስም፣ የበሩን ቁጥር፣ የሩቅያን ስም ከነአባቷ። አንድ ጎረቤት "አውጥተው ይቅበሩት በሏቸው!" እያለ ከላይ ይጮሃል።

ጦይባ ከጉንጩ ሥጋ ቆንጥራ ራሷ ጎረሰች። አኘከች። ልጇ እያየቻት ዋጠችው፤ ፊቷ አልተናወጠም። ከዚያ ቀሪውን መረቅ አስነክታ ወደ ሩቅያ አፍ አቀረበች። ሩቅያ ጎረሰች፣ አኝካ ዋጠችው። ሁለቱም ጠበቁ። ከታች የመኪና ድምፅ መጣ፣ በሩ ሥር ቆመ።

ጉርሻው አልወጣም። ሕፃኗ ጡቱን እንደያዘች ናት።

ሩቅያ አፏን ከፈተች።